ቤት የሚመታ ጥላ

በማላዮች ዘንድ ልጅ ሊጠይቁ የሄዱ ሽማግሌዎች ጉዳያቸውን በቀጥታ አይናገሩም። የሚታኘከው የሲሬህ ቅጠል በትሪ ይቀርባል፤ ሰላምታውና ጥየቃው ሁሉ ያልቃል፤ ከዚያ የወንዱ ወገን ተናጋሪ ስለ አንድ ወንዝ፣ በወንዙ ስለምትቀዝፍ ጀልባ ወይም በሰው አጥር ውስጥ ስለ ፈካ አበባ ሁለት ስንኝ ያሰማል። በቤቱ ያለው ሰው ሁሉ ጆሮውን ይሰጣል። ጀልባዋ ወዴት እንደምትሄድ ግን የሚጨነቅ የለም፤ የሚጠበቀው ሦስተኛው ስንኝ ነው። ሦስተኛውና አራተኛው ሲመጡ የመጡበት ጉዳይ አብሮ ይወጣል፤ የሴቷም ወገን በዚያው መልክ፣ በአራት ስንኝ፣ መልሱን ይሰጣል።

ይህ ባለ አራት ስንኝ ግጥም ፓንቱን ይባላል። ከማላይ ባሕረ ገብ መሬት እስከ ሱማትራ፣ ከሪያው ደሴቶች እስከ ቦርኒዮ ጠረፍ፣ ማላይኛ በሚነገርበት አገር ሁሉ አለ። ሕፃናት ይጫወቱበታል፣ እንቆቅልሽ ይጠየቅበታል፣ ምክር ይሰጥበታል፣ ሰው ይተቻችበታል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ፍቅር ይነገርበታል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ በጋራ አቅርበውት ዩኔስኮ በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

የማላይን ግጥም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነብ ሰው ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ግር ይለዋል። ግጥሙ ስለ ሩዝ ማሳና ስለ ርግብ ጀምሮ በድንገት ስለ ናፍቆት ይናገራል። ርግቡና ናፍቆቱ ምን አገናኛቸው? ለመልሱ ቸኩሎ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስንኞች እንደ ማጀቢያ ይቆጥራቸውና ያልፋቸዋል። እኔ የማምነው ተቃራኒውን ነው። የፓንቱን ገጣሚ ጥበቡን ያፈሰሰው በእነዚያ ሁለት ስንኞች ላይ ነው፤ እነርሱ በደንብ ካልተሠሩ የኋለኞቹ ሁለቱ ተራ ንግግር ሆነው ይቀራሉ።

የፓንቱን አቋም በጥቂት ቃል ሊነገር ይችላል። አንደኛው ስንኝ ከሦስተኛው ጋር፣ ሁለተኛው ከአራተኛው ጋር ቤት ይመታል። እያንዳንዱ ስንኝ በአብዛኛው አራት ቃላት ያሉት ሲሆን፣ በቀለም ሲቆጠር ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ይደርሳል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች ፐምባያንግ ይባላሉ፤ ጥላ የሚጥሉ፣ የሚመጣውን አስቀድመው የሚያጠሉ ማለት ነው። የኋለኞቹ ሁለት ማክሱድ ናቸው፤ ጉዳዩ፣ የታሰበው ነገር። ለማሳያ እንዲሆነን አንድ ፓንቱን በአማርኛ ልግጠም፦

ደመናው ከበደ ከተራራው በላይ፣
ጀልባዋ ታስራለች በወንዙ ዳርቻ፤
ልቤም ከበደብኝ ያን ወዳጄን ሳላይ፣
እኔም ታስሬያለሁ በሐሳቤ ብቻ።

እስቲ ቅደም ተከተሉን ገልብጠን፣ ስለ ልብ የሚናገሩትን ሁለት ስንኞች አስቀድመን እናንብባቸው። የከበደው ልብ ከደመናው ቀድሞ ሲመጣ ስሞታ ይሆናል፤ የታሰረውም ሰው ምሬት እንዳበዛ ሰው ይሰማል። ደመናውና ጀልባዋ ደግሞ ከበስተኋላ የተለጠፉ ጌጦች ይሆናሉ። በትክክለኛው ቅደም ተከተል ግን ‹ከበደ› የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማነው ከሰማዩ ነው። ሁለተኛ ስንሰማው ጆሯችን ያውቀዋል፤ ስለዚህ ሐዘኑን የተናገረው ሰው አዲስ ነገር ያመጣ አይመስለንም፣ ቀድሞ በአገሩ ላይ የነበረ ነገር እርሱም ላይ የደረሰ ይመስለናል። የቤት አመታቱ ሥራም ይኸው ነው። ‹በላይ› የሚለው ድምፅ ከሦስተኛው ስንኝ ‹ሳላይ› የሚል መልስ ይጠብቃል፤ መልሱ ሲመጣ ከእርሱ ጋር የመጣው ሐሳብ አይቀሬ የነበረ ሆኖ ይሰማል። ድምፁ የሐሳቡ ምስክር ይሆንለታል።

በስንኙ መካከል ያለችውን ትንሽ ዕረፍትም ልብ ይሏል። ‹ደመናው ከበደ› ብለን ትንፋሽ እንወስዳለን፣ ከዚያ ‹ከተራራው በላይ› እንላለን። የማላይ ስንኝም እንዲሁ ለሁለት ሐረግ ይከፈላል፤ ሁለት ቃል፣ ዕረፍት፣ ሁለት ቃል። ጎበዝ ገጣሚ ከስንኙ ጫፍ አልፎ በዚህች ዕረፍት ላይም ድምፅ ያገጣጥማል። የአንደኛው ስንኝ ሁለተኛ ቃል ከሦስተኛው ስንኝ ሁለተኛ ቃል ጋር፣ የሁለተኛውም ከአራተኛው ጋር ይስማማል። ይህ ግዴታ አይደለም፤ ብዙ ደህና ፓንቱኖች የላቸውም። ያላቸው ግን ሁለት ጊዜ ይጣፍጣሉ፤ አንድ ጊዜ ዕረፍቱ ላይ፣ አንድ ጊዜ መጨረሻው ላይ።

ለምን አራት ቃል? መልሱ በቋንቋው አሠራር ውስጥ ነው። የማላይኛ ሥር ቃላት በአብዛኛው ባለ ሁለት ቀለም ናቸው፦ ሃቲ ልብ ነው፣ ቡላን ጨረቃ ነው፣ ካሲህ ፍቅር ነው፣ ፓዲ ሩዝ ነው። አራት ሁለት ቀለሞች ስምንት ይሆናሉ። ቃላቱ ባዕድ መነሻና መድረሻ ሲጨመርባቸው ቁጥሩ ወደ ዐሥር፣ ወደ ዐሥራ ሁለት ይወጣል። ስለዚህ በትምህርት ቤት ‹ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት› ተብሎ የሚሰጠው ሕግ ከቋንቋው ጠባይ የመጣ እንጂ አንድ ሊቅ ተቀምጦ የደነገገው አይደለም። የመንደር ገጣሚ ቀለም አይቆጥርም፤ አራት የሚመዝኑ ቃላት መኖራቸውን በጆሮው ያውቃል። አንዱ ቃል ከረዘመ ሌላውን ያሳጥራል። በተራ ንግግር መነሻ የሚለብሱ ግሦች በግጥም ራቁታቸውን ይቆማሉ፤ ‹መመልከት›ን የሚያመለክተው መማንዳንግ ፓንዳንግ ብቻ ሆኖ ይገባል፣ የሚያጎድለውም ነገር የለም። እንዲህ ቀለል ያሉ ቃላት በአራት በአራት ሲሰለፉ በመካከላቸው ማያያዣ አይፈልጉም። ‹ስለዚህ›፣ ‹እንደ›፣ ‹ምክንያቱም› የሚሉት ሁሉ ይቀራሉ፤ ደመናውን ከልቡ ጋር የሚያያይዘው አድማጩ ራሱ ነው።

በማላይኛ አንዱን ቀለም ጠበቅ፣ ሌላውን ላላ አድርጎ የመጥራቱ ልዩነት ደካማ ነው። እንግሊዝኛ ግጥሙን የሚያቆመው በዚያ ልዩነት ላይ ነው፤ ጠንካራና ደካማ ቀለም እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። የማላይ ገጣሚ ይህ መሣሪያ የለውም። ምቱን የሚያገኘው ከቃላቱ እኩል ክብደት፣ ከመሐል ዕረፍቷና ከጫፉ ቤት ነው። ለዚህም ነው በማላይኛ የቤት አመታት ጉዳይ ከጌጥ በላይ የሚሆነው። ቤቱ ከጠፋ ስንኙ የት እንዳለቀ ጆሮ ማወቅ ይቸግረዋል።

አማርኛ ለሚገጥም ሰው አንድ ልዩነት ጎልቶ ይታየዋል። የእኛ ግሥ ዐረፍተ ነገሩን ይዘጋል፤ መጨረሻውም በመደብና በጾታ ስለሚለዋወጥ ‹መጣች› ከ‹ወጣች›፣ ‹ሄዱ› ከ‹ወረዱ› ጋር ያለ ብዙ ድካም ይገጥማሉ። የማላይኛ ግሥ በመደብም፣ በጾታም፣ በጊዜም አይለወጥም። ቃሉ እንዳለ፣ በተፈጥሮው ድምፅ ነው የሚቆመው። ስለዚህ ለ‹ናፍቆት› ወይም ለ‹ሩቅ› ቤት የሚፈልግ ሰው በሰዋስው መጨረሻዎች አይረዳም፤ ሌላ ሙሉ ቃል፣ ሌላ ነገር ከዓለም ላይ መፈለግ አለበት። በእርግጥ ማላይኛም ጥቂት መድረሻዎች አሉት። በእነርሱ የሚመታ ቤት ግን ቀጭን ነው፤ የሰማ ሁሉ ቀላሉ መንገድ እንደ ተመረጠ ያውቃል።

የፓንቱን ውበት የሚጀምረውም ከዚህ ፍለጋ ነው። ካሲህ፣ ፍቅር፣ ድምፁን የምታካፍለው ሰላሲህ ናት፤ የእኛው የበሶብላ ዓይነት መዓዛማ ቅጠል። ጃኡህ፣ ሩቅ፣ አጣማጁ ፓኡህ ነው፤ የዱር ማንጎ። እነዚህ ጥንዶች ብዙ ዘመን አብረው ስለኖሩ አድማጩ ሰላሲህ የሚለውን ስም በመጀመሪያው ስንኝ ሲሰማ ፍቅር እየመጣ መሆኑን ያውቃል። የዱር ማንጎ ከተጠራ የሚለይ ሰው አለ። ተክሉ ምልክት የሆነው በመልኩ ወይም በጠባዩ አይደለም፤ በስሙ ድምፅ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሁለቱም ይገናኛሉ። ኩምባንግ የተባለው ጥቁር ትልቅ ንብና አበባው ሁልጊዜ ወንድና ሴት ናቸው፤ ይህን ለመረዳት ቤት መምታት አያስፈልግም። ንቡ አንዱን አበባ ቀስሞ ወደ ሌላው ሲበር ስለ ማን እንደሚወራ በመንደሩ የታወቀ ነው።

የቃላቱ ጎተራ የመንደሩ ዙሪያ ነው፦ የሩዝ ማሳ፣ የኮኮናት ዛፍ፣ ሙዝ፣ ርግብ፣ የወንዝ አፍ፣ ደሴት፣ ማዕበል፣ የዓሣ መረብ፣ ምንጣፍ የሚሠራበት የፓንዳን ቅጠል። የቦታ ስሞች ከእነዚህ ጋር ይገባሉ። ማላካ፣ ዴሊና ጃምቢ በፓንቱን ውስጥ ደጋግመው የሚጠሩት ገጣሚው ሁሉ እዚያ ደርሶ ስለ መጣ አይደለም፤ ስማቸው ለሚፈለገው ቤት ስለሚመች ነው። የሆነ ሆኖ ቤት ፍለጋ ተብሎ የተጠራው ሁሉ ተጠራቅሞ የአንድ ዓለም መዝገብ ሆኗል። የትኛው ወደብ የታወቀ እንደነበረ፣ ሰው ምን ይተክልና ምን ይጭን እንደነበረ የሚፈልግ አንባቢ በፍቅር ግጥሞች የመጀመሪያ ሁለት ስንኞች ውስጥ ያገኘዋል። ማንም ሊመዘግበው ሳያስብ የተመዘገበ ነገር ስለሆነ እኔ ከብዙ ዜና መዋዕል ይበልጥ አምነዋለሁ።

በፐምባያንግና በማክሱድ መካከል የትርጉም ግንኙነት አለ ወይስ የለም? ይህ ጥያቄ ምሁራንን ከመቶ ዓመት በላይ አከራክሯል። ሪቻርድ ዊንስቴድና አር. ጄ. ዊልኪንሰን የተባሉት በማላያ ያገለገሉ የእንግሊዝ ሹማምንት በ1914 ብዙ ፓንቱኖችን በአንድ መጽሐፍ ሰብስበው አሳትመዋል፤ ከዚያ በፊትም የደች ሊቃውንት በነገሩ ላይ ጽፈዋል። አንዳንዱ በእያንዳንዱ ፓንቱን ውስጥ የተሰወረ ምስጢር አለ ይላል። የኢንዶኔዥያው ጸሐፊ ሱታን ታክዲር አሊሻህባና ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ስንኞች ዋና አገልግሎት የአድማጩን ጆሮ ለቤቱና ለምቱ ማዘጋጀት እንደሆነ ያስረዳል። በ1933 በባታቪያ፣ በዛሬዋ ጃካርታ፣ ሁሴን ጃያዲኒንግራት የተባለው ሊቅ ስለ ፓንቱን አስማታዊ መነሻ ንግግር አደረገ። እንደ እርሱ አስተያየት በድምፅ የተመሳሰሉ ነገሮች በኃይልም ይተሳሰራሉ የሚለው ጥንታዊ እምነት ከግጥሙ ሥር አለ።

ይህን የጃያዲኒንግራትን ሐሳብ በቀላሉ አላልፈውም። ማላዮች ማንተራ የሚሉት የድግምት ቃል አላቸው፤ ፓዋንግ የተባለው አዋቂ ለሩዝ ነፍስ፣ ለነብር፣ ለአዞ፣ ለባሕር መንፈስ ይደግመዋል። ዋልተር ስኪት በ1900 ባሳተመው የማላይ አስማት መጽሐፍ ውስጥ ብዙዎቹ ተመዝግበዋል። በማንተራ ውስጥ የድምፅ መመሳሰል የሚማርክ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የሚጠራውን ነገር የሚይዝ ገመድ ነው። ስሙን በትክክል ከነድምፁ የጠራ ይይዘዋል። ከዚህ ዓለም የመጣ ሕዝብ ሰላሲህና ካሲህ በድምፅ መገናኘታቸውን እንዲያው አጋጣሚ ነው ብሎ ያልፈዋል ብዬ ለማሰብ ይከብደኛል።

ወደ ክርክሩ ስመለስ፣ እንደ እኔ እንደ እኔ ምስጢር አለ የሚሉትም ጆሮ ማዘጋጃ ነው የሚሉትም ስለ ተለያዩ ፓንቱኖች እየተናገሩ ነው። የደመናውና የልቡ ዓይነት አለ፤ የመጀመሪያው ምስል ለሁለተኛው ስሜት መስተዋት ነው። ድምፅ ብቻ የሚያበድርም አለ። በሁለቱ ጫፎች መካከል ደግሞ ብዙዎቹ ይገኛሉ፤ ምስሉ ስለ ጉዳዩ ምንም አይናገርም፣ ነገር ግን አየሩን ይፈጥራል። ዝናብ፣ ምሽት፣ ባዶ ወደብ። ቅኔ ያደመጠ አንባቢ ይህን ከሰምና ወርቅ ጋር ለማስተያየት ይቃጣው ይሆናል። ሰምና ወርቅ ግን በአንድ ቃል ውስጥ የሚያድሩ ናቸው፤ ያንኑ ቃል ሰንጥቆ ነው ወርቁ የሚወጣው። በፓንቱን ምስሉና ጉዳዩ ጎን ለጎን የተቀመጡ፣ እያንዳንዳቸው ግልጽ የሆኑ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የተሰወረው በመካከላቸው ያለው መንገድ ነው። ከቅኔው ይልቅ የሚቀርበው የባላገሩ የሁለት ስንኝ ዘፈን ነው፤ የመጀመሪያው ስንኝ ስለ ገደል ወይም ስለ ጋራ ተናግሮ ቤት ይሰጥና ሁለተኛው የልቡን ይናገራል።

ድምፅ ብቻውን ምን ያህል ትርጉም ሊሸከም እንደሚችል የሚያሳይ አንድ የዕለት ተዕለት ልማድ አለ። ማላይኛ ተናጋሪዎች የታወቀ ግጥም ሲሆን ፐምባያንጉን ብቻ ጠርተው ጉዳዩን ይተዉታል። ለምሳሌ እያወቀ የሚጠይቅን ሰው ሊወቅሱት ሲፈልጉ ጋሃሩ የተባለውን የዕጣን እንጨት፣ ቀጥለውም የሰንደል እንጨት ይጠሩለታል፤ ወቀሳው ራሱ አይነገርም። ጋሃሩ ‹ማወቅ› ከሚለው ከታሁ ጋር ቤት እንደሚመታ ሁሉም ስለሚያውቅ ተወቃሹ ቀሪውን ራሱ ይሞላዋል። የሁለት እንጨቶች ስም ተግሣጽ ሆኖ ደረሰ ማለት ነው። ሰውየው ፊት ለፊት አልተነካም፣ ግን ተነክቷል። ማላዮች ጨዋነት ብለው በሚያከብሩት አነጋገር ውስጥ ይህ ትልቅ ቦታ አለው።

ፓንቱን በወረቀት ላይ ሲነበብ ግማሹ ይጎድላል፤ የተሠራው በሰው ፊት፣ በቅጽበት እንዲባል ነው። በማላካ ከተማ ዶንዳንግ ሳያንግ የሚባል ዘፈን አለ። ሁለት ዘፋኞች በቫዮሊን፣ በረባና ከበሮና በጎንግ ታጅበው በፓንቱን ይመላለሳሉ፤ የማላይ ተወላጆችም ሆኑ ከቻይና ነጋዴዎች የተወለዱት የማላካ ባባዎችና ኞኛዎች ይዘፍኑታል። ዩኔስኮ በ2018 መዝግቦታል። ዜማው ዝግ ያለ ነው፤ ለዚህም ምክንያት አለው። ዘፋኙ ፐምባያንጉን እየሳበ ሲያዜም ማክሱዱን በልቡ ያዘጋጃል፤ ተቀናቃኙም በዚያው ጊዜ የሚመጣውን ቤት ሰምቶ የሚመጣውን ሐሳብ ይገምታል፣ መልሱንም መቀመር ይጀምራል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች ለሁለቱም የማሰቢያ ጊዜ ናቸው። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰውም በግምቱ ይሳተፋል። የገመተው ሲመጣ ደስ ይለዋል፤ የገመተው ቤት ያልገመተውን ሐሳብ ይዞ ሲመጣ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለዋል።

በጃካርታ የሚኖሩት ቤታዊዎች ጨዋታውን ወደ ሰርግ በር ያመጡታል። ሙሽራው አጃቢዎቹን አስከትሎ ሲመጣ የሙሽሪት ወገን በሩን ይዘጋበታል፤ ለማለፍ በሲላት ትግልና በፓንቱን ማሸነፍ አለበት። ተናጋሪው አንዷን ስንኝ ብሎ ሲያቆም የተሰበሰበው ሰው በአንድ ድምፅ ‹ቻከፕ!› ይላል፤ እንደ ‹እሰይ› ያለ ማድነቂያ ነው። ከዚያ ሁለተኛዋ ትቀጥላለች። ጩኸቷ የምቱ አካል ናት፤ ስንኙ የሚያልቅበትን ቦታ ሕዝቡ ራሱ ያትማል።

ከፓንቱን ጎን ሌላ ትልቅ የግጥም ቤት አለ፦ ሻኢር። ስሙ ከዐረብኛ ነው። እርሱም አራት አራት ስንኝ አለው፣ ግን አራቱም በአንድ ቤት ይመታሉ፤ ጥላም የለውም። እያንዳንዱ ስንኝ ጉዳዩን ይናገራል፤ አንዱ ክፍል ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል፣ እንዲህ እያለ በመቶ በሚቆጠሩ ክፍሎች የልዑልና የልዕልት ታሪክ፣ የጦርነት ወሬ፣ የሃይማኖት ትምህርት ይተርካል። የማላይ ሻኢር መሥራች ተደርጎ የሚጠራው የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሱፊ ሐምዛ ፋንሱሪ ነው፤ ከሱማትራ ምዕራብ ዳርቻ፣ ከካፉር ንግዷ በታወቀችው ከባሩስ። ሐምዛ በቃል ምርጫ ረገድ ደፋር ሰው ነበር። ነፍስ ከአምላኳ ጋር ስለ መገናኘቷ ሲጽፍ የዐረብኛውን የምስጢር ቃላት አንሥቶ በማላይኛው ስንኝ ጫፍ ላይ፣ ቤት በሚመታበት ቦታ፣ ያስቀምጣቸዋል። ባዕዱ ቃል ከአገሬው ቃል ጋር በድምፅ ሲስማማ ባዕድነቱ ይረሳል። ይህ የግጥም ብልሃት ብቻ አልነበረም፤ አንድን ከባድ ትምህርት በሰው ጆሮ ውስጥ ማስፈር ነበር። ኑሩዲን አል ራኒሪ የተባለ የእስልምና ሊቅ በ1637 በሱማትራ ወዳለችው አቼ ደርሶ የሡልጣኑን ሞገስ ሲያገኝ የሐምዛን ትምህርት ኑፋቄ ብሎ አወገዘ፤ መጻሕፍቱም ተቃጠሉ። ዛሬ የምናነበው ከእሳቱ የተረፈውን ነው።

ሻኢር በዜማ ይነበብ ነበር፤ ማንበብ የሚችለው አንዱ ያነባል፣ ሌላው ከቦ ያደምጣል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በባታቪያ ሙሐመድ ባኪር የተባለ ሰው በእጅ የተጻፉ ታሪኮችንና ሻኢሮችን በኪራይ እያዋሰ ይተዳደር ነበር፤ ተከራዮቹን መጽሐፉን ሳያቆሽሹ በጊዜው እንዲመልሱ በራሱ ጽሑፎች ውስጥ ያሳስባቸዋል። አራት ጊዜ የሚደጋገም አንድ ቤት ለዓይን ይሰለች ይሆናል፤ ሌሊቱን ለሚያደምጥ ሰው ግን የሚቀዝፍ እጅ ምት ነው፣ ታሪኩን ወደፊት ይገፋዋል። ጉሪንዳም ደግሞ ሁለት ስንኝ ብቻ ያለው የምክር ግጥም ነው፤ የመጀመሪያው ሁኔታውን፣ ሁለተኛው ውጤቱን ይናገራል። ከሁሉ የታወቀው ራጃ አሊ ሐጂ በሪያው ደሴቶች በምትገኘው በፐኘንጋት ላይ ሆኖ በ1847 የጻፈው፣ ዐሥራ ሁለቱ ጉሪንዳም የሚባለው ነው።

ወደ ፓንቱን ልመለስ፤ ምክንያቱም ከማላይ ግጥም ሁሉ ባሕር የተሻገረው እርሱ ነው፣ ሲሻገርም የሆነበት ነገር ስለ አሠራሩ ብዙ ያስተምራል። ፓንቱኖች ሰንሰለት የሚሠሩበት ስልት አለ፤ የአንዱ ፓንቱን ሁለተኛና አራተኛ ስንኝ ለሚቀጥለው አንደኛና ሦስተኛ ይሆናሉ። እንግሊዛዊው ዊልያም ማርስደን በ1812 ባሳተመው የማላይኛ ሰዋስው መጽሐፍ ውስጥ የዚህ ዓይነት አንድ ሰንሰለት አስገባ። ቪክቶር ሁጎ በ1829 በወጣው ሌዞሪያንታል በተባለው የግጥም መድበሉ ማስታወሻ ላይ የኤርነስት ፉዊኔን የፈረንሳይኛ ትርጉም አተመው። ከዚያ በኋላ የፈረንሳይ ባለቅኔዎች ተከታተሉ፦ ባንቪል፣ ሌኮንት ደ ሊል፤ ቦድሌርም በ1857 ባወጣው መድበሉ ውስጥ የሰንሰለቱን ስልት ለራሱ አስተካክሎ ተጠቀመበት። ግጥሙ በአውሮፓና በአሜሪካ ‹ፓንቱም› ተብሎ እስከ ዛሬ ይጻፋል፤ የማላዮቹ ፓንቱን ስም በጥቂቱ ተለውጦ።

ፈረንሳዮቹ የወሰዱት ድግግሞሹን ነው። ተመልሶ የሚመጣው ስንኝ የሚፈጥረው መፍዘዝ ማርኳቸው ነበር፤ ባንቪል ሁለት የተለያዩ ሐሳቦች ጎን ለጎን እንዲሄዱ አሳስቦ ነበር፣ የተከተሉት ብዙዎቹ ግን ይህንን ተዉት። በምስሉና በጉዳዩ መካከል ያለው ስንጥቅ፣ አድማጩ ሊሻገረው የሚገባው ክፍተት፣ በአብዛኛው ጠፋ። በሰንሰለቱ ውስጥ ግን የማላዩ ገጣሚ ይህን ክፍተት ጠብቆታል። በአንደኛው ፓንቱን ጉዳይ የነበረው ስንኝ በሁለተኛው ጥላ ይሆናል፤ አንድ ጊዜ የልብ ሐዘን ሆኖ የተነገረው ቃል ተመልሶ ሲመጣ ለሌላ ሐዘን መንገድ ጠራጊ ነው። ቃሉ አልተለወጠም፤ የቆመበት ቦታ ተለወጠ፣ ክብደቱም አብሮ ተለወጠ። ይህን ለማድረግ ምስልም ጉዳይም መሆን የሚችሉ ቃላትን መርጦ መጀመር ያስፈልጋል፤ ከማላይ ግጥም ሥራዎች ሁሉ ከባዱ ይህ ይመስለኛል።

ዛሬ ፓንቱን በሕይወት አለ ሲባል የይስሙላ አይደለም። ተማሪዎች ይወዳደሩበታል፣ ሹማምንት ንግግራቸውን ይከፍቱበታል ወይም ይዘጉበታል፣ በስልክ መልእክት ይላላኩበታል። ይህን መስፋፋት እወደዋለሁ፤ አንድ ነገር ግን ያሳዝነኛል። ብዙዎቹ አዳዲስ ፓንቱኖች ወደ አንድ ከተማ ለሽርሽር በመሄድ ወይም ከገበያ አንድ ነገር በመግዛት ይጀምራሉ። ከተማው የተጠራው ለቤቱ ብቻ ነው፤ የተገዛውም ዕቃ እንዲሁ። የመሐሏ ዕረፍት ተረስታለች፣ ቤቱ ከመጨረሻው ቀለም አያልፍም። የጥንቱም ገጣሚ የቦታ ስም ለቤት ብሎ ይጠራ ነበር፤ ከስሙ ጋር ግን ነፋሱንና ወደቡን ያመጣ ነበር።

ፓንቱን ለመግጠም የሚፈልግ ሰው ከኋላ እንዲጀምር ይመከራል። መጀመሪያ ማክሱዱን፣ የሚናገረውን ሁለት ስንኝ፣ ይጽፋል፤ ከዚያ የጫፍ ቃላቱን ይዞ በዙሪያው ካለው ዓለም ለድምፃቸው የሚመች ዛፍ፣ ወፍ፣ ወንዝ ይፈልጋል። ወደ አማርኛ የሚተረጉምም ሰው ይህንኑ መንገድ መከተል ይኖርበታል። ሰላሲህን በሶብላ ብሎ ቢመልስ ተክሉን አገኘ፣ ፍቅርን ግን አጣ፤ በሶብላ ከፍቅር ጋር ቤት አይመታምና። ስለዚህ ጉዳዩን አስቀድሞ መልሶ፣ ለአማርኛው የጫፍ ቃል ከአማርኛ ተናጋሪው ምድር የሚበቅል ነገር መፈለግ አለበት። ለአንዳንዱ ቃል ምንም አይገኝም። ለ‹መለየት› ግን እሬት አለን፤ በድምፁም ይገጥማል፣ ምሬቱም የራሱ ነው።